በሙሉ ድምፅ ስለተመረጠልኝ ሐኪም

ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጓድ ነገሪ ዋቅሹማ
የቀበሌያችን ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። የጤና ኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው ቢታመሙ ወደ የትኛው ሐኪም እንደሚሄዱ የሚወስንላቸው ማን እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ከነጭራሹ ባይታመሙ ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

እንዳለች ሂርጳ እባላለሁ። ጌጃ ሰፈር፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ እኖራለሁ። እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ፤ አሁን የአንድ ነኝ። ባለቤቴ ሙለታ ለእናት አገር ጥሪ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። መጻፍና ማንበብ የተማርኩት በቀበሌያችን አዳራሽ በመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቴንም በእጅዎ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ገጽ ለመሙላት ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ብዙ ቀን የወሰደ ነውና ሲያነቡት እንዳይቸኩሉ በትሕትና እለምናለሁ። «ሕዝቡ ሂሱን በጽሑፍ ያቅርብ» ብለው በሰሌዳው ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ ያነበብኩት ያለማንም ረዳት ነው። ያን ጊዜ ነው ያስተማራችሁኝ ለዚህ ቀን እንደሆነ የገባኝ።

ሰሌዳው ሥር ቆመው ለሚያነቡት ጎረቤቶቼም ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትልቋ ልጄ ወይንሀረግ አምስት ዓመቷ ሳለ ጉሮሮዋን ታመመች። ጉሮሮዋ ሲሻላት ጉልበቷ አበጠ፤ ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ ተነሣ። ያላሳየኋት ሰው አልነበረም። አንዱ ድሬሰር ብርድ ነው አለኝ፤ መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ሽሮፕ ሰጠኝ፤ ዘመዶቼ ዓይን ነው አሉ። በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ ባለው አሮጌ ክሊኒክ ዶክተር ፍሰሐ የሚባሉ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ሌሎቹ እኔ ስናገር ይጽፉ ነበር። እርሳቸው ብዕራቸውን አስቀመጡና ከጀመራት ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ ሳልቸኩል እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ እስክጨርስም ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የማዳመጫውን ብረት በመዳፋቸው አሙቀው ደረቷ ላይ አኖሩት፤ ረጅም ጊዜም አዳመጡ። የጉሮሮዋ ሕመም ወደ ልቧ ወርዶ እንደጎዳት፣ ነገር ግን በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ ሳታቋርጥ ከተወጋች እንደ ጓደኞቿ አድጋ ተምራ ለወግ ለማዕረግ እንደምትበቃ ነገሩኝ። አንድም ወር እንዳታልፊ ብለው አስጠነቀቁኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አላለፍኩም።

በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ ዶክተር ፍሰሐ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር። መርፌው ሲገባ ከአንድ ጀምራ እንደምትቆጥርና ስድስት ላይ ስትደርስ እንደምታለቅስ ያውቁ ነበር። ሲደክማት ከንፈሯ ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝ ከእኔ ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። የቤተሰብ ሐኪም ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ በመጣህ ቁጥር ታሪክህን እንደገና ከሀ የማትጀምርለት ሰው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ እሑድ ስብሰባ ተጠርተን አዳራሽ ስንገባ ከመድረኩ በላይ በቀይ ጨርቅ «ሰፊው ሕዝብ የቤተሰብ ሐኪሙን ራሱ ይመርጣል» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ አገኘሁ። ፊደል በፊደል አንብቤ ስጨርስ ደስ አለኝ። እኔ ከሰባት ዓመት በፊት መርጬ ስለጨረስኩ፣ ስጠየቅ የዶክተር ፍሰሐን ስም ለመናገር ተዘጋጅቼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሐኪሙ ጉዳይ አምስተኛ አጀንዳ ነበር። ከእርሱ በፊት የዓለም ሁኔታ፣ የአገር ሁኔታ፣ የቀበሌው ሱቅ ሪፖርትና የቦይ ጠረጋ ዘመቻ ነበሩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቀምጠን እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ከዓለም ሁኔታ አልወጣንም።

የስብሰባ ልማዳችንን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የፊተኛው ረድፍ እጁን ሲያነሳ ሁለተኛው ያነሳል፤ ሁለተኛው ሲያነሳ እኛ ሦስተኞቹ እናነሳለን፤ ያላነሳ ሰው ስሙ ይጻፋል። ያን ቀንም እጆች ሲነሡ አይቼ እጄን አነሳሁ። የማነሳው ለቦይ ጠረጋው መስሎኝ ነበር። ለካ ሰዓቱ ስለገፋ አምስተኛው አጀንዳ አራተኛውን ቀድሞ ቀርቦ ኖሯል። አጨብጭበን ከጨረስን በኋላ ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ዙሃራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ፣ ሐኪምሽን ለወጥሽ እኮ» አለችኝ።

የመረጥነውም ሐኪም ሰው ሳይሆን ሕንፃ ነበር። የቀበሌያችን ነዋሪ በሙሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰንጋ ተራ አቅጣጫ በተከፈተው አዲስ ጤና ጣቢያ ብቻ እንዲታከም ወስነናል። ዕጩው አንድ ብቻ ስለነበር ተሳስተን ሌላ የምንመርጥበት ዕድል እንኳ አልተሰጠንም፤ ከስሕተት ስለጠበቁን አመሰግናለሁ። ቃለ ጉባኤው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች በሙሉ ድምፅ እንደመረጡ ይናገራል። ከእነዚህ መካከል ዓይነ ስውሯ እማማ ወለተሰንበት ይገኙበታል፤ በሰዓቱ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር እጃቸውን ያነሳላቸው ልጃቸው ነው። የእኔ እጅም ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ይህን በእርስዎ ላይ ላላክክ አልችልም፤ ግለ ሂሴ ስለሆነ እዚሁ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ካርዱ። የወይንሀረግ ካርድ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ወረቀት ተቀጥሎበት ነበር። ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ እንዲዛወርልኝ ስጠይቅ ካርዱ የክሊኒኩ ንብረት ስለሆነ ከግቢው እንደማይወጣ ተነገረኝ። ይገባኛል፤ ንብረት መጠበቅ አለበት። አዲሱ ጤና ጣቢያ ስሟን፣ ዕድሜዋንና የቀበሌዋን ቁጥር ጽፎ አንድ ንጹሕ ካርድ አወጣላት፤ ካርዱ ላይ ከራስጌው «አዲስ» የሚል ማኅተም ተመታ። ሰባት ዓመት የታመመን ልብ በአንድ ጠዋት አዲስ ለማድረግ ከኮሚቴዎ በቀር ማን ይችል ነበር?

ሦስተኛ፤ ስለ አዲሶቹ ሐኪሞች። አራት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስት ሰው አገኘሁ። የመጀመሪያው ወጣት ነበር፤ ስለ መርፌው ስነግረው ማስረጃ ሳይኖር በእናት ቃል ብቻ እንዲህ ያለ መርፌ በየወሩ እንደማይወጋ ገልጾልኝ እንክብል ሰጠኝ። አልወቅሰውም፤ እርሱ የሚያውቀው የያዘውን ወረቀት ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ ባዶ ነበር። ሁለተኛው የወስፋት መድኃኒት አዘዘ። በሦስተኛው ጊዜ ሁሉም ስብሰባ ስለነበሩ ዘበኛውን ሰላም ብለን ተመለስን። በአራተኛው ጊዜ ያገኘነው ሐኪም ደረጃ ስትወጣ የሚያቆማት ድካም ልጃገረድ ለመሆን ስለደረሰች የመጣ እንደሆነ፣ ዕድሜው ሲያልፍ እንደሚያልፍ አረጋገጠልኝ። በየጊዜው ከሀ ጀመርኩ። በየጊዜው ግማሽ ሳልደርስ የሚቀጥለው ተራ ተጠራ።

አራተኛ፤ ስለ ደብዳቤው። ነገሩ ያላማረኝ በመሆኑ ግንቦት ውስጥ ወደ እርስዎ ቢሮ መጥቼ ወይንሀረግ በቀድሞው ክሊኒክ ሕክምናዋን እንድትቀጥል የሚፈቅድ ሦስት መስመር ደብዳቤ ለመንኩ። በጽሑፍ አምጪ አሉኝ፤ ጽፌ አመጣሁ። ኮሚቴው በየአሥራ አምስት ቀን እንደሚሰበሰብ ገለጹልኝ፤ ጠበቅሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም። በሁለተኛው ተሟልቶ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜው ለአዲሱ ጤና ጣቢያ የምስጋና ደብዳቤ ሲረቀቅ አለቀ። በሦስተኛው ማመልከቻዬ ታየና ለአንዷ ከተፈቀደ ሁሉም ይጠይቃል ተብሎ ተመለሰ። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ምክንያት ከቢሮ ወጥቶ አላየሁም። እውነት ነው፤ ሁሉም ይጠይቅ ነበር። ምናልባት የሚያስጠይቀው ምን እንደሆነ ለማወቅ መልካም አጋጣሚ ይሆን ነበር።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ሁለት መርፌ አለፈ።

በዚያው መካከል አንድ ቀን ያለ ደብዳቤው ልሞክር ብዬ ልጄን ደግፌ ወደ አሮጌው ክሊኒክ ወሰድኳት። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዝርዝሩን አይቶ ቀበሌያችን ከእነርሱ ጋር እንዳልሆነ ነገረኝ፤ በጨዋ ደንብ ነው የነገረኝ። የዶክተር ፍሰሐ ክፍል ከቆምንበት ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ውስጥ ለሌላ በሽተኛ ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰማል። ወይንሀረግ እጄን ይዛ፣ «እማዬ፣ የዶክተር ድምፅ ነው እኮ» አለችኝ። ያን በር ገፍቼ መግባት እችል ነበር። ነገር ግን ጓድ ሰብሳቢ፣ እርስዎ በሚገባ ያሠለጠኑኝ ነዋሪ ነበርኩ። ተራ አከብራለሁ፣ ወረቀት አከብራለሁ፣ አይሆንም ሲሉኝ እመለሳለሁ። ልጄን ይዤ ተመለስኩ።

ሐምሌ 3 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወይንሀረግ ዐረፈች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ የፈተናዋን ውጤት ትጠብቅ ነበር።

ለቅሶ ላይ ዶክተር ፍሰሐ መጥተው ነበር። ለምን እንዳላመጣኋት ጠየቁኝ፤ ወረቀት እንዳልነበረኝ ነገርኳቸው። ሊሄዱ ሲነሱ ትንሿ ልጄን ትርፌን ለይተው አዩና፣ እርሷስ ጉሮሮዋን ታማ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ቅልጥፍናዎ። ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ይህ ነው። ወይንሀረግ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ገና ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ የቀበሌው ሱቅ መልእክተኛ የቤተሰባችንን የስኳር ካርድ ወሰደ። ሲመለስ ስሟ ተሰርዟል፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቀጥ ያለ፣ ቆንጆ መስመር። ማኅተሙም ነበረበት፣ የእርስዎም ፊርማ ነበረበት። ሦስት መስመር ለመጻፍ ስድስት ሳምንት ያልበቃው ቢሮ አንድ መስመር ለማስመር ሦስት ቀን የበቃው መሆኑ ለአካባቢያችን የሚያኮራ ዕድገት ነው። ምልዓተ ጉባኤው ያን ቀን መሟላት አለመሟላቱን ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደምጠይቀው ነገር ደርሻለሁ። ምስጋና ብቻ ይዤ የመጣሁ መስሎዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ትርፌ ስምንት ዓመቷ ነው። ከመስከረም ወዲህ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ አሟታል። ይህ ታሪክ ምን ብሎ እንደሚጀምር እኔ አውቀዋለሁ፤ ወዴት እንደሚሄድም አውቀዋለሁ። በአዲሱ ጤና ጣቢያ ካርዷ ላይ ግን እህት እንደነበራት የሚገልጽ አንድ ቃል የለም። ዶክተር ፍሰሐ ዘንድ ቢሆን ምንም ሳልናገር ሁሉም ነገር ይታወቃል። የምለምነው ለዚህች ልጅ ሐኪሟን እኔ እንድመርጥላት ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ካሣ አልጠየቅሁም፤ ማንም ከቦታው ይነሣልኝም አላልኩም።

ምርጫ የሚባለው ነገር ለኮሚቴው እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ደግሞ እንዴት እንደሚደረግ ያለኝን ትንሽ ልምድ ላካፍል። ሐኪም የሚመረጠው በአዳራሽ አይደለም። ሕፃን አዝሎ በእግር ከሚደረስበት ርቀት አያልፍም። በሚቀጥለው ወር ስትመለስ እዚያው ቦታ ታገኘዋለህ። የማያውቀውን ነገር አላውቅም ይልሃል፤ ዶክተር ፍሰሐ ሁለት ጊዜ ብለውኛል፣ በሁለቱም ጊዜ ወደሚያውቅ ሰው ልከውኛል። እናት ስትናገር ዓይኑ ሰዓት ላይ አይደለም። በአዲሱ ጤና ጣቢያ ያሉት ሐኪሞች ክፉ ሰዎች ናቸው አላልኩም። ከእነርሱ አንዱ እዚያው ቆይቶ ልጄን አይቶ ቢያውቃት ነገ እርሱን ልመርጥ እችላለሁ። ባለፈው ጊዜ እጅ ያወጣንለት ቃል በጨርቁ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ የምፈልገው የተጻፈውን ነው።

ጎረቤቴ ዙሃራ ይህን እንዳልለጥፍ መክራኛለች። «አፍሽን ያዢ፤ የቀረችሽን አስቢ» ትላለች። ምክሯ የወዳጅ ምክር ነው። እኔ ደግሞ የጻፍኩት የቀረችኝን አስቤ ነው። ለባለቤቴ ለሙለታ ስለ ወይንሀረግ እስከ ዛሬ አልጻፍኩለትም። መጻፍ የተማርኩት ለእርሱ ደብዳቤ ለመላክ ብዬ ነበር፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ግን «ትንሿስ እንዴት ናት?» ብሎ ሲመልስልኝ ይታየኛል። ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲኖረኝ ከእርሱ በፊት ለእርስዎ መጻፍ ነበረብኝ።

መልስዎን እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ። ኮሚቴው ሰኞ የማይሰበሰብ ከሆነ እርስዎ ብቻዎን ቢፈርሙልኝም ቅር አይለኝም፤ ብቻዎን መፈረም እንደሚችሉ ከስኳሩ ካርድ ላይ አይቻለሁ።

ውድ ጊዜዎን ለአንዲት ነዋሪ ስለሰዉ ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ ሁልጊዜ የሚሟላ ምልዓተ ጉባኤ፣ ከቀኑ ቀድሞ የሚደርስ ሪፖርትና ስምዎን የሚያውቅ ሐኪም እንዲሰጥዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እንዳለች ሂርጳ
የወይንሀረግ ሙለታ እናት
የትርፌ ሙለታ እናት

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለከፍተኛው ጤና ክፍል፣ ለማንበብ ጊዜ ካገኘ
ለወይዘሮ ዙሃራ፣ ስለ ምክሯ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ገና ሳልለጥፈው፣ ዛሬ ጠዋት ትርፌ ትኩሳት ይዟት ምራቅ መዋጥ አቃተኝ ብላ ነቃች። ሰኞን ስላልጠበቅሁልዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አዝያት ወደ አሮጌው ክሊኒክ ሄድኩ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ደብዳቤ ጠየቀኝ፤ እያየኝ አልፌው በሩን ከፍቼ ገባሁ። ዶክተር ፍሰሐ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ልጅቷን ከጀርባዬ አወረዱ። ጉሮሮዋን አይተው፣ ደረቷን አዳምጠው፣ ልቧ ገና ደህና እንደሆነ ነገሩኝና መርፌውን ወጉልኝ፤ ይህን ስጽፍ ተኝታለች። አዲስ ካርድ ሲያወጡላት ሠራተኛው ተከትሎን ገብቶ፣ ካርዱ ላይ «የላከው ክፍል» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ እንደሚያስጠይቅ አሳሰበ። እውነቱን ነው፤ ባዶ መተው የለበትም። ብዕሩን ተቀብዬ «እናቷ» ብዬ ጻፍኩበት። ኮሚቴው ሊያጣራ ቢፈልግ ለማንበብ አይቸገርም፤ ቦታው የተተወው ለማኅተም ስለነበር ሰፊ ነው።